ከመስከረም ወዲህ ያሉት ስሞች

ሮተርዳም ዙይድ፣ ኤፕሪል 27 ቀን 1987

እትዬ የትነበርሽ፣

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ፣ እነዚያን የበያርደንሃውስ፣ የመጦሪያ ቤቱን፣ አዛውንቶች ደግፎ ደረጃ መውጣት መውረዱን ቻለው? ሦስት ሳምንት ሙሉ መልስ ሳልሰጥ መቅረቴን ከንቀት አይቁጠሩብኝ። ወደብ ላይ የምሠራበት መጋዘን አንዱ ባልደረባዬ ታሞ የእሱንም ፈረቃ እኔው ይዤዋለሁ። ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ እንቅልፍ ይጥለኛል።

ወደ ጠየቁኝ ልምጣ። አይ፣ አንድ ቅጂ አይበቃም። ሄግ ስኪልደርስዋይክ ያለው የሰፈሩ መሰብሰቢያ ቤት፣ ቡርትሃውሱ፣ በሰጠን ክፍል ያለው ኮምፒውተር፣ መሥሪያ ቤቴ ሊጥለው ሲል ለምኜ ያመጣሁት አሮጌ ነው። ውስጡ ያለው ዲስክ የተበላሸ ቀን አሳምነው ሱዳን ገዳሪፍ ላይ ሆኖ ከየመጠለያው እየለቀመ የላከልን የስደተኛ ስም ሁሉ አብሮት ይሄዳል። አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ሰው ነው። እዚህ አገር ያለ ሰው ወንድሙን፣ እህቱን የሚፈልግበት ሌላ መዝገብ የለንም። ስለዚህ በየቅዳሜው ወደ ፍሎፒ መገልበጥ ይኖርብናል።

የሚገለበጥበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ግልጽ ጽሑፍ ነው፦ ለአንድ ሰው አንድ መስመር፣ ስም፣ የአባት ስም፣ አገር፣ ያለበት ቦታ፣ ፈላጊ ዘመድ። የትኛውም ኮምፒውተር ያነበዋል፣ ሰውም ያነበዋል። ግን አሥራ አንድ ፍሎፒ ይፈጃል፣ አንድ ሰዓት ያስቀምጥዎታል። ሁለተኛው ጥቅል ነው። ፕሮግራሙ ራሱ አጣጥፎ ይቋጥረዋል። ከመጀመሪያው በኋላ ደግሞ ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ ቀኑ የተቀየረውን ብቻ እየመረጠ ይወስዳል። ያለዚያ ፕሮግራም ግን ማንም አይፈታውም፤ ቢያዩትም እጅ እግሩ የማይታወቅ ምልክት ነው።

እኔ ጥቅሉን እመርጣለሁ። ፍሎፒውን በትራም፣ በባቡር ይዘነው ነው የምንዞረው። አንድ ቀን መቀመጫ ላይ ቢረሳ፣ ማን በየት በኩል ወጥቶ የት እንዳለ ያገኘው ሁሉ ባያነበው ይሻላል። ያን ዝርዝር ለማግኘት የሚጓጓው ማን እንደሆነ ለእርስዎ መንገር አያሻኝም።

ስለ ወንድሜ ስለ አበጋዝ የጠየቁኝ፣ አዲስ ነገር የለም። በመተማ ወጣ ከተባለ ሦስት ዓመቱ። አዲስ ዝርዝር ሲመጣ እባክዎ መጀመሪያ በአባታችን በሽባባው ስም ይዩልኝ።

አክባሪዎ ማንደፍሮ

*

ሄግ ሙርዋይክ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1979 ዓ.ም.

ልጄ ማንደፍሮ፣

ጉልበቴ ለምዶታል፤ የሰለቸኝ እኔ ነኝ። ጫማህን እያወለቅህ ተኛ፤ እናትህ ብታይህ ምን ትል ነበር?

እኔ ብጠየቅ ግልጹ ይሻለኝ ነበር። ዓይኔ ያላየውን ነገር አለ ብዬ ማመን አይሆንልኝም። ነገር ግን በባቡር የሚረሳውን ስታነሳብኝ ነገሩ ገባኝ። አንተ የተማርክበት ነው፤ ጥቅሉ ይሁን።

ስላስቸገረኝ ነገር ደግሞ ልንገርህ። ማሽንህ በተከፈተ ቁጥር ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ይለኛል። ቅዳሜ ለት እንደ አገሬ 24፣ ስምንተኛ ወር፣ 79 ብዬ ብሰጠው ጮኸብኝ። ደግሜ ብሰጠው ደግሞ ጮኸ። የክፍሉን ቁልፍ የሚይዘው ሓድጉ አጠገቤ ቆሞ ይስቃል፤ “አስመራ ሳለሁ ጣሊያንም እንዲህ ነበር፣ በራሱ ቀን ካልጠራሽው አይሰማም” ይለኛል። በመጨረሻ የእነሱን ቀን ሰጠሁትና ዝም አለ። ቀኑን ሙሉ በአዛውንቶቹ የመድኃኒት ደብተር ላይ የእነሱን ቀን ስጽፍ እውላለሁ። እዚያች ክፍል ውስጥ እንኳ የራሴን ብጽፍ ደስ ባለኝ ነበር።

ስሞቹ የመጡባቸው ካርዶች አልጋዬ ስር ሞልተዋል። ምን ላድርጋቸው?

የሽባባውን አደራ ሰምቻለሁ። ሁልጊዜም መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

የትነበርሽ

*

ሮተርዳም ዙይድ፣ ሜይ 14 ቀን 1987

እትዬ የትነበርሽ፣

ማሽኑን ይቅር ይበሉት። ሲሠሩት ቆጠራውን ከ1980 አስጀምረውታል፤ ከዚያ በፊት ዓለም የነበረች አይመስለውም። የፈረንጁን ቀን መስጠትዎን ይቀጥሉ።

ካርዶቹ ከገቡና ከተገለበጡ በኋላ ምን ያደርጉልዎታል? አንድ ቅጂ እርስዎ ጋ፣ አንድ እኔ ጋ አለ። ወረቀት ሰብሳቢዎቹ ሲመጡ ይስጧቸውና አልጋዎ ስር ነፋስ ይግባበት። ኃላፊነቱ በእኔ ይሁን።

ማንደፍሮ

*

ሙርዋይክ፣ መስከረም 5 ቀን 1980 ዓ.ም.

ልጄ ማንደፍሮ፣

እንኳን አደረሰህ። ዘመኑ የምትፈልገውን የምታገኝበት ይሁንልህ። በዓሉን አዛውንቶቹን ሳጥብ ዋልኩ። ማታ ሓድጉ ከነሚስቱ መጥተው ትንሽ ተጫወትን። አንተን ጠብቀን ነበር። ለምን እንደቀረህ የጻፍከውን አምኛለሁ፤ ግን ሁልጊዜ ፈረቃ፣ ሁልጊዜ ፈረቃ፣ ምነው?

ካርዶቹን እንዳልከኝ አስገብቼ አስረከብኩ። ክፍሌ ሰፋ፤ ሆዴ ግን አልሰፋም።

ዘንድሮ ከማሽንህ ጋር ታርቀናል። ቅዳሜ የዘመን መለወጫ ለት ከፍቼው እስቲ ልሞክረው ብዬ ዓመተ ምሕረቱን ብሰጠው ጸጥ ብሎ ተቀበለኝ። እኔም ወግ ደረሰኝ አልኩ። መገልበጡም ቀሎልኛል። ድሮ ሻይ አፍልቼ ጠጥቼ አያልቅም ነበር፤ አሁን ውኃውን ሳልጥድ ይጨርሳል።

የትነበርሽ

*

ሮተርዳም ዙይድ፣ ኦክቶበር 20 ቀን 1987

እትዬ የትነበርሽ፣

እንኳን አብሮ አደረሰን። በዓሉን ስለቀረሁ አፍሬአለሁ። ደብዳቤዎን ሜትሮ ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት። እያነበብኩትም ወንዙን ሳንሻገር እንቅልፍ ወሰደኝና የምወርድበትን አለፍኩ።

መገልበጡ መፍጠኑ አያሳስብዎ። ጥቅሉን የመረጥኩት ለዚህ ነበር፤ የተቀየረውን ብቻ ስለሚወስድ ነው። ሌላ ጥያቄ ከሌለዎ እንዲሁ ይቀጥሉ።

ከካሳላ በኩል አዲስ ዝርዝር እየመጣ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እንግዲህ በሽባባው።

ማንደፍሮ

*

ሙርዋይክ፣ ኅዳር 18 ቀን 1980 ዓ.ም.

ልጄ ማንደፍሮ፣

ደህና ነኝ። ብርዱ ገብቷል። አንተስ ካፖርት ገዛህ ወይስ አሁንም በዚያ ጃኬት ነህ?

የካሳላው ዝርዝር ደርሶኛል። ካለፈው መስከረም ወዲህ የመጣው ሁሉ ተደምሮ ስድሳ ሦስት ስም ነው። ሁሉንም አስገብቻለሁ። ወረቀቱም ሄዷል።

አንድ እሑድ ወደ ሄግ ብቅ በል። ሓድጉም ሊያይህ ይፈልጋል። ሾርባ እሠራለሁ፣ ቁጭ ብለን እናወራለን። በደብዳቤ የማይሆን ብዙ ነገር አለ። ለፈረቃህ ሰው ፈልግና ና። ከእሑድ ቅዳሜ ከተመቸህም ቅዳሜ ና። ብቻ ስትመጣ አስቀድመህ አሳውቀኝ፤ ብቻዬን ሆኜ እንድትመጣብኝ አልፈልግም።

የትነበርሽ

*

ሮተርዳም ዙይድ፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 1988

እትዬ የትነበርሽ፣

ኅዳር ላይ ና ሲሉኝ አልመጣሁም፤ የመጣሁት ማሽኑ ከሞተ በኋላ ነው። ሥራ ላይ ስለነበሩ አልተገናኘንም። አቶ ሓድጉ ከፍተውልኝ ነበር። ዲስኩ እንደ ድንጋይ ወፍጮ ድምፅ ያሰማል፤ አይድንም።

ያን ጊዜ አልደነገጥኩም። ፍሎፒዎቹን ሰብስቤ አምስተርዳም ያለችው ያገራችን ልጅ ይመኙሻል የምታጸዳው ቢሮ ሄድኩ። አለቃዋ ደግ ሰው ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በአንዱ ኮምፒውተር እንድንጠቀም ፈቅዶላታል። ጥቅሉን ፈታሁት፤ ተፈታልኝ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ስም ወጣ። እዚያ ላይ ቆመ። ከመስከረም ወዲህ አንድ ስም የለም።

ሁለት ሰዓት ፈጅቶብኝ ምክንያቱን አገኘሁት። ከመስከረም አንድ ጀምሮ ለማሽኑ የሚሰጡት 1980 ነው። ለእኛ አዲስ ዓመት ነው፤ ለእሱ ግን ሰባት ዓመት ያለፈው አሮጌ። እርስዎ ስም ባስገቡ ቁጥር “ይሄ ጥንት የተገለበጠ ነው” እያለ ትቶታል። ያፈጠነውም የሚገለብጠው ስላልነበረው ነው። ጥቅሉን ደግሞ ከፍቶ የሚያየው ስለሌለ አራት ወር ሙሉ ባዶ ፍሎፒ በባቡር ስናመላልስ ከረምን።

ስጀምር አልቆጣም ብዬ ነበር። ተቆጥቻለሁ። ማንን እንደሆነ አላውቅም። የመስከረሙን ደብዳቤዎን አውጥቼ አነበብኩት፤ ነግረውኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ተኝቼ ያለፍኩት። ካርዶቹን ያስጣልኩዎትም እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። ከስድሳ ሦስቱ ውስጥ አበጋዝ ሽባባው የሚል ነበር?

ማንደፍሮ

*

ሙርዋይክ፣ ጥር 12 ቀን 1980 ዓ.ም.

ልጄ ማንደፍሮ፣

ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ሥራ ቦታ የአንዷን ባልቴት ሻይ በጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። ይቅር በለኝ። የራሴን ቀን የሚቀበለኝ ነገር ሳገኝ ደስ ብሎኝ ነው። እኔ ይህን ያህል ጥፋት አለበት ብዬ አላሰብኩም። ያን ሁሉ እናት፣ ያን ሁሉ ወንድም፣ በእኔ እጅ።

ወረቀት ሰብሳቢዎቹ ጋ ሄጄ ጠይቄያለሁ። ወረቀቱ ገና ድሮ ተፈጭቷል አሉኝ፤ አንዱ እንደ እብድ አየኝ። ለአሳምነው ጽፌያለሁ። የቀረውን ዝርዝር ከደብተሩ ገልብጦ ለመላክ እስከ ፋሲካ ይቆያል።

እስከዚያው ግን ባዶ እጄን አልቀመጥም። የጻፍኩትን ስም በቀላሉ አልረሳም፤ እጄ ያስታውሳል። ከስድሳ ሦስቱ ሠላሳ ዘጠኙን አስታውሻለሁ። ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ።

ሌላውን ጥያቄህን አልዘለልኩትም፣ አቆይቼዋለሁ። ልጄ፣ አትጨቅጭቀኝ።

የትነበርሽ

*

ሮተርዳም ዙይድ፣ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1988

እትዬ የትነበርሽ፣

ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ እንዳልሆነ ጽፌያለሁ፤ እደግመዋለሁ። ሥራውን የሚሠሩት እርስዎ ሆነው ሳለ መንገዱን ለእኔ በሚመች የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ከእንግዲህ በግልጽ ጽሑፍ ይሆናል። ሌላ ማሽን አግኝቻለሁ። አሥራ አንድም ይሁን ሃያ ፍሎፒ ይፍጅ። በየወሩ አንድ ቅጂ አምስተርዳም ወስደን በሌላ ማሽን ከፍተን፣ በዓይናችን ቆጥረን እናያለን። ተመልሶ ያልተነበበ ቅጂ ቅጂ አይደለም። የባቡሩን ስጋት በተመለከተ፣ አቶ ሓድጉ ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን እሰጣለሁ ብለዋል፤ ያለ ሁለት ሰው አይንቀሳቀስም።

አሁን ወደ ሌላው። የላኩልኝን ስም ቆጠርኩት። ሠላሳ ዘጠኝ ይላሉ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ሠላሳ ስምንት ነው። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። እርስዎ ደግሞ የመድኃኒት ጠብታ የሚቆጥሩ ሰው ነዎት።

እትዬ፣ ሦስት ዓመት ጠብቄያለሁ፤ ደክሞኛል። ከሌለ “የለም” የሚል አንድ ቃል ይበቃኛል። ካለም ያለበትን ይንገሩኝና እንቅልፌን ልተኛ።

ማንደፍሮ

*

ሙርዋይክ፣ የካቲት 13 ቀን 1980 ዓ.ም.

ልጄ ማንደፍሮ፣

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ከቤት አትውጣ። ከሥራ ፈቃድ ጠይቅ፤ ካልሰጡህም አሞኛል በል። በመጀመሪያው ባቡር እንመጣለን። እኔ፣ ሓድጉ፣ ይመኙሻልም ከአምስተርዳም መጥታ እኔ ጋ ታድርና አብራን ትመጣለች። በሩን ስናንኳኳ ቶሎ ክፈትልን።

ምንም አታዘጋጅ። ምግብ ይዘን ነው የምንመጣው።

ኅዳር ላይ ብትመጣልኝ ኖሮ ይህን ያህል አልሸከመውም ነበር። በወረቀት የሚጻፍ ስላልሆነ ነው ሆድ ይፍጀው ያልኩት። ዓርብ ማታ ትንሽ እህል ቅመስ፣ ካፖርትህንም አጠገብህ አድርግ፤ ቤትህ ይበርዳል ይሉኛል።

እናትህ እዚህ ብትኖር የምታደርገውን ነው የማደርገው።

የትነበርሽ

*

ሮተርዳም ዙይድ፣ ማርች 20 ቀን 1988፣ በእኛ መጋቢት 11 ቀን 1980

እትዬ የትነበርሽ፣

ለሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ሦስቱን ቀን ከሥራ ቀርታችሁ አጠገቤ መቀመጣችሁን አልረሳውም። ለአቶ ሓድጉ፣ ወለል ላይ ለተኙት፣ ወገባቸው ተሻላቸው? ይመኙሻልን ደውዬ አመስግኛለሁ። ጎረቤቴ ሆላንዳዊቷ በሩን አንኳኩታ አበባ ሰጠችኝ፤ ለቅሶዬን ሰምታ ኖሯል። እሷም ልጇን እንደቀበረች ነገረችኝ። አራት ዓመት ጎን ለጎን ስንኖር ስሟን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

እርስዎ ሲሄዱ ልልዎ ፈልጌ ያልወጣልኝን ልጻፈው። ደብዳቤዎን ዓርብ ሲደርሰኝ፣ ሦስት ሰው በጠዋት እንመጣለን የሚለው ላይ ስደርስ አውቄዋለሁ። ሌሊቱን አልተኛሁም። በሩ ሲንኳኳ ግን መክፈት አቃተኝ። ላንኳኳችሁበት ጊዜ ሁሉ ይቅርታ።

ስለ ጠፉት ስሞች ብዙ ተቆጥቻለሁ። ለእነዚያ ቤተሰቦች አሁንም እቆጫለሁ። ግን ደጋግሜ የማስበው አለ። እርስዎ ለማሽኑ ትክክለኛውን ቀን ሰጥተውት ቢሆን ኖሮ፣ ያን ቅዳሜ አምስተርዳም በሰው ቢሮ ቆሜ፣ ከነጃኬቴ፣ የወንድሜን ሞት በኮምፒውተሩ መስተዋት ላይ ብቻዬን አነበው ነበር። ማንም አልነበረም። ይመኙሻል ታች ደረጃውን ትወለውል ነበር። ወንድሜን ከእርስዎ አፍ፣ እጄን ይዘውኝ ሰማሁት። ስለዚህ የማሽኑን ቀን አበላሸሁ ብለው ከእንግዲህ እንዳያዝኑ።

አዲሱ ማሽን ተተክሏል። በግልጽ ጽሑፍ ነው። የላኩልኝን ሠላሳ ስምንቱን አስገባሁ፤ ሠላሳ ዘጠነኛውን ለእኔ ተዉልኝ ብዬ ለመንኩዎ፣ ተዉልኝ። አንድ ነገር አስተዋልኩ። የሞተበትን ቀን እንደነገሩኝ ጳጉሜ 6 ብዬ ጻፍኩት። አሮጌው ፕሮግራም አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም ነበር፤ እርስዎም ያን ጊዜ መስከረም 1 ብለው ሊያስገቡት ተገደው እንደነበር ነግረውኛል። ግልጹ ጽሑፍ ምንም አላለም፤ እንደሰጠሁት ተቀበለው።

ከዚያ ገልብጬ አምስተርዳም ወሰድኩትና በሌላው ማሽን ከፈትኩት። ይመኙሻል መወልወያዋን አስቀምጣ አጠገቤ ቆመች። ጮክ ብላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆጠረችው። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ አንድ ሰው። ሃያ አራቱ ከአሳምነው እስኪመጡ ይጠበቃሉ። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦

አበጋዝ፣ ሽባባው፣ ደምቢያ፣ ካሳላ ሆስፒታል በወባ ያረፈ ጳጉሜ 6 ቀን 1979፣ ፈላጊ ወንድሙ ማንደፍሮ ሽባባው ሮተርዳም።

“ፈላጊ” የሚለውን ላጠፋው ነበር። ይመኙሻል ተወው አለችኝ፤ ተውኩት።

በሚመጣው እሑድ እመጣለሁ። ፈረቃዬን ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ። ካፖርትም ገዝቻለሁ።

ልጅዎ ማንደፍሮ